የዱስ ልጅ ብሩን ምን ያድርገው?



በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተጽፏል። ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ደረጃ፣ አልፎ አልፎም ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ ቅጥነት ጓደኞቻችን በሰፊው አትተዋል። እኔ ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሲመረምሩት ግን የሁላችንንም ኪስ የሚነካ ነው። ይኸውም ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጆቻችን ስለ ገንዘብ አያያዝ በትምህርት ቤት ምን ይማራሉ? የሚለው ጥያቄ ነው። የኔን መልስ አስቀድሜ ባጭሩ ልናገር፤ ቃሉን ይማራሉ፣ ነገሩን ግን አይማሩም።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በዱስ ያየሁት ነገር ነው። ዱስ በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ካሮ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሕዝብ ነው፤ ዋና ዋና መንደሮቹም ዱስ፣ ቆርቾና ላቡክ ናቸው። ከሩቅ አገር የሚመጣው ጎብኚ ካሮን የሚያውቀው በነጭ አፈርና በቀይ አፈር ገላን በሚያሸበርቀው ቅብ ነው። ጎብኚው በመኪና ይመጣል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ለተነሣው ሰው ይከፍላል፤ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት የታወቀው ዋጋ ለአንድ ፎቶግራፍ 5 ብር ያህል ነበር።

እኔም በሄድሁበት ቀን ሁለት መኪና ሙሉ ጎብኚ መጥቶ ነበር። አቧራው ሲያርፍ ዕድሜው 15 ዓመት የሚሆን፣ አማርኛ የሚናገር የ7ኛ ክፍል ተማሪ ብሩን አጣጥፎ በእጁ ይዞ አጠገቤ ቆመ። «ይህን ብር ምን ታደርግበታለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁም ጥቂት አሰብ አድርጎ «ወንድሜ፣ እስኪያልቅ ድረስ አብሮኝ ይቆያል» አለኝ።

አብረውኝ የነበሩት ጓደኞቼ በጣም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ማታ ግን መኝታዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ሣቁ ወደኔው ተመለሰ። ከቤት የምትላክልኝ ገንዘብ በወር መጀመሪያ ላይ ትመጣለች፤ እስክታልቅም አብራኝ ትቆያለች፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የምኖረው በጓደኛ ቸርነት ነው። እንግዲህ 12 ዓመት ቀለም ቆጥሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በገንዘብ አያያዝ ከዱሱ ልጅ የምለየው በምንድን ነው? የምለይበትንም አላገኘሁ። እሱ እንዲያውም እውነቱን ደፍሮ ተናገረ።

የአያት ጎተራና የልጅ ኪስ

አንዳንድ ሰዎች የአርብቶ አደርና የወንዝ ዳር ገበሬ ልጅ ስለ ቁጠባ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ከኛ ይማር ይላሉ። ይህ አነጋገር ትዕቢት ብቻ ሳይሆን ስሕተትም ነው። የዚያ ልጅ አያት የንብረት አያያዝ ሊቅ ነበር። የኦሞ ወንዝ በየዓመቱ በደጋው ዝናም ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው ለም ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። አዝመራው ሲደርስ እህሉ ከፍ ብሎ በተሠራ ጎተራ ይገባል። ከዚያ ላይ የሚበላው፣ ለዘር የሚቀመጠውና ከሐመር ጎረቤት ጋራ በፍየል የሚለወጠው ተለይቶ ይታወቃል። ፍየሎቹም ሁሉ አንድ በረት ውስጥ አይታጎሩም። ከፊሉ ሌላ አገር ባለ የቃል ኪዳን ወዳጅ ዘንድ ይቀመጣል፤ በሽታ ወይም ድርቅ አንዱን አገር ቢመታ ሌላው ይተርፋልና። በዛፍ ላይ የተሰቀለው የንብ ቀፎ ደግሞ ሌላ ተጠባባቂ ሀብት ነው። በሐመርም ዘንድ ለጋብቻ የሚሰጠው ከብት በብዙ ዓመት እየተከፋፈለ የሚከፈል ዕዳ ስለሆነ፣ ማን ለማን ስንት እንደሚቀርበት ወረቀት ሳይኖር ሁሉም ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ዛሬ በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «ተጠባባቂ ሀብት»፣ «የኪሣራ አደጋን ማከፋፈል»፣ «ብድርና ዋስትና» እያልን የምናጠናው ነገር ነው። ልዩነቱ አያትየው ፈተና አለመቀመጡ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ወንዙ ተለወጠ። የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። ከፍታው 243 ሜትር፣ የማመንጨት ዐቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል ላገር የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም፤ ስለ ግድቡ ለመከራከርም አልተነሣሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በታችኛው ኦሞ የሚገኘው ገበሬ በየዓመቱ ይጠብቀው የነበረው ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣለትም። ጎተራው ሲጎድል ብሩ ቦታውን ያዘ። እህል በብር ይገዛል፤ መድኃኒት በብር ይገዛል፤ ደብተርና የተማሪ ቤት ኪራይ በብር ይከፈላል።

ብሩ ራሱ ከየት ይመጣል? ከፍየልና ከማር ሽያጭ በቀር ባመዛኙ ከጎብኚው ነው። የጎብኚ ገንዘብም እንደ ወንዝ ሙላት ነው፤ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይቀራል። ልዩነቱ አያት የወንዙን ጊዜ ያውቅ ነበር፤ የጎብኚውን ጊዜ ግን የሚያውቅ የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ ጎብኚ ቆመ። በሽታው ቀለል ይላል ሲባል በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ የውጭ አገር ሰውም ኢትዮጵያን መፍራት ጀመረ። በዚያ ጊዜ «እስኪያልቅ አብሮኝ ይቆያል» ብሎ የነበረ ሁሉ አለቀበት።

ከዚህም ሌላ ጎተራና ኪስ አንድ አይደሉም። ጎተራ ሲጎድል ዓይን ያየዋል፤ ስንት ወር እንደሚያደርስ እናት ገና ከደጃፉ ቆማ ትገምታለች። ብር ግን ተጣጥፎ የሚገባ ስለሆነ መጉደሉ አይታይም። በሞባይል ስልክ ውስጥ የገባ ብር ደግሞ ጨርሶ መልክ የለውም። ስለዚህ ልጁ የጎደለው ነገር ብልሃት አይደለም። የአያቱን ብልሃት ከማሽላ ወደ ብር የሚያሻግርለት አስተማሪ ነው የጎደለው።

ዘጠነኛው እሴት

እኛ በበኩላችን ምን ተማርን? በኛ ዕድሜ ያለን ሁሉ እንደምናስታውሰው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት 11 እሴቶች ነበሩት። ከዴሞክራሲና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እየተቆጠረ ሲሄድ ቁጠባ 9ኛው ነበር። በየዓመቱ፣ በየክፍሉ ተማርነው። ፈተናውም «ከሚከተሉት ውስጥ የቁጠባ ጥቅም የሆነው የቱ ነው?» ይላል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ሁሉም መልስ ናቸው» ነው። እኔ በዚያ ፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በዚያው ሳምንት የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥቼ ከጓደኛዬ ተበድሬያለሁ። በሁለቱ መካከል ግንኙነት መኖሩ ያን ጊዜ አልታየኝም፤ አስተማሪያችንም አላሳየን።

አስተማሪውን ለመውቀስ አይደለም። መጽሐፉ «ቆጥቡ» ይላል እንጂ ምን ያህል፣ ከምኑ ላይ፣ የት ተቀምጦ፣ ለምን ጉዳይ የሚለውን አይነግረውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስገባቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ተማሪው ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ሥዕላዊ መግለጫ ሲሥል በራሱ ኪስ ውስጥ ያለውን ፍላጎትና አቅርቦት የሚመለከትበት ሰዓት አልተመደበለትም። በዚያ ላይ ባርብቶ አደሩ አካባቢ አያሌ ልጆች 9ኛ ክፍል ሳይደርሱ ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ። ለነዚህ ልጆች በ9ኛ ክፍል የሚጀመር ትምህርት ቢሰጥም ባይሰጥም ያው ነው።

የከፋው ነገር የኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁናቴ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የወጪ መጋራትን ሥርዓት አቋቁሟል። በዚህ መሠረት እያንዳንዳችን ስንገባ የውል ወረቀት እንፈርማለን፤ ተመርቀን ሥራ ስንይዝም ከደመወዛችን ቢያንስ ከመቶ 10 እጅ በየወሩ እየተቈረጠ ዕዳው ይከፈላል። እኔ የፈረምሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ ወረቀቱን ያነበበ ከኋላ ያሉት ይጮሁበት ነበር። አላነበብሁትም። ከመኝታ ክፍሌ ጓደኞች ስድስቱን ብጠይቅ አንድም ያነበበ አላገኘሁም፤ አንደኛው እንዲያውም የምግብ ካርድ መቀበያ መስሎት ነበር። በሕይወታችን የመጀመሪያ የሆነውን ትልቅ ዕዳ ሳናነብ የፈረምን ሰዎች የዱስን ልጅ ለማስተማር ስንነሣ ትሕትና ያስፈልገናል።

ምን ይማሩ?

እንግዲህ «ቆጥቡ» ከሚለው ስብከት አልፈን ምን እናስተምር? በኔ አስተያየት አራት ነገሮች ይበቃሉ።

መጀመሪያ ብሩ ራሱ ምን እንደሆነ ይወቁ። አባቶቻችን በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ተገበያይተዋል፤ በብዙ አገርም ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል። ባንክ የሚባለው ነገር በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው። ይህን መናገር ለታሪክ ሲባል አይደለም። ገንዘብ የሰው ስምምነት መሆኑን፣ ስምምነቱም የሚለወጥ መሆኑን ልጁ እንዲረዳ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ሲጨመር አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ብሩን በቅል ውስጥ ቀብሮ፣ ሬዲዮም ሳይሰማ፣ ባንክ ካለበት ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ሦስት ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ አስቡት። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጎብኚ በዶላር ሲከፍለው የትናንቱን ዋጋ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ገንዘቡን ለሚመነዝርለት ሰው ግማሹን በነጻ ሰጠው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጠባ ሁልጊዜ ትርፍ አለመሆኑን ሳንደብቅ እንንገራቸው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በዓመት ከመቶ 7 እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከመቶ 30 በላይ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,000 ብር ባንክ ያስገባ ልጅ በዓመቱ 1,070 ብር ያገኛል። 1,000 ብር ያወጣ የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ሆኗል። ስለዚህ ቆጥቦ 230 ብር ጎደለው። ታዲያ አይቆጥብ? አይደለም። ቤት ውስጥ ያስቀመጠው ጓደኛው 300 ብር ጎድሎታል፤ ያጠፋውም ምንም የለውም። ነገር ግን ለሚቀጥለው ሳምንት የሚፈለግ ገንዘብ በባንክ፣ ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ ደግሞ ፍየል ወይም ሌላ የሚረባ ንብረት ቢሆን ይሻል እንደሆነ ራሱ አመዛዝኖ ይወስን። ፍየል ትወልዳለች፤ ፍየል ትሞታለችም። ይህን ከዱስ ልጅ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እዚህ ላይ አስተማሪው እሱ ነው፤ እኛ ሒሳቡን ብቻ እንጨምርለታለን።

ሦስተኛ፣ ዕዳን ይወቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል ለሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይኸው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በክርክር ጊዜ በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይናገራል። አራጣ አበዳሪ ግን በወር ከመቶ 10 ይጠይቃል እንበል። 1,000 ብር የወሰደ ሰው በየወሩ 100፣ በዓመት 1,200 ብር ከፍሎ 1,000 ብሩ እንዳለ ይቈየዋል። በሕጉ ቢሆን የዓመቱ ወለድ ከ120 ብር አያልፍም ነበር። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ለመሥራት ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ አለማወቁ ግን አንድ ቤተሰብ ከብቱን ያስሸጣል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ አካለ መጠን እንዳላደረሰ ይቈጠራል፤ ባንክም የሚገባው ብዙ ጊዜ በወላጅ ወይም በአሳዳሪ በኩል ነው። ይህንንም ይወቅ፤ የሰው ስም ላይ የተቀመጠ ገንዘብ የማን እንደሆነ በጊዜው ይነጋገርበት።

አራተኛ፣ ማታለልን ይወቁ። ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ያለ ባንክ ቤት መንቀሳቀስ ችሏል። እንደ ዱስ ላለ ሩቅ አገር ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋራ ሌባውም በስልክ መጥቷል። «ሽልማት ደርሶሃል፣ የምሥጢር ቁጥርህን ንገረኝ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ስልኩን መዝጋት ያስተምሩልን። በየከተማው የተከፈተውን የእግር ኳስ ውርርድ ቤትም በስሙ እንጥራው። እዚያ የሚሰለፈው ወጣት ስሌት የሚያውቅ ይመስለዋል። ቤቱ ግን የመብራቱን፣ የኪራዩንና የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከፍለው ከተሸናፊው ኪስ መሆኑን አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ በመቀነስ ስሌት ሊደርስበት ይችላል።

ተቃውሞዎች

ይህን አሳብ ለጓደኞቼ ሳካፍል ሦስት ተቃውሞ ገጠመኝ።

የመጀመሪያው ከባድ ነው። «የሌለውን ሰው ስለ ገንዘብ አያያዝ ማስተማር ማላገጥ ነው፤ ድኻው ድኻ የሆነው ስላልቆጠበ አይደለም» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ወንዙ የቀረበትን ሰው «ለምን አልቆጠብህም?» ማለት ግፍ ነው። የዋጋን ንረት ያላመጣ ልጅ በዋጋ ንረት አይጠየቅም። የገንዘብ ትምህርት የእህልን፣ የሥራንና የፍትሕን ጥያቄ የሚተካ ከሆነ እኔ ራሴ ቀድሜ እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ትንሽ ያለው ሰው ትንሿን የመጠበቅ መብት የለውምን? ባለጠጋ 1,000 ብር ቢታለል ይናደዳል፤ ድኻ 1,000 ብር ቢታለል ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣል። ስለዚህ ዕውቀቱ ከማንም ይልቅ ለድኻው ያስፈልጋል። ደግሞም ሒሳብ የሚያውቅ ወጣት «የጎብኚው ገንዘብ ለማን ስንት ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ከመኪናው ኪራይ፣ ከሆቴሉና ከአስጎብኚው ሒሳብ ላይ ለተነሣው ሰው የደረሰው 5 ብር ብቻ እንደሆነ ቈጥሮ ይደርስበታል። ይህ ጥያቄ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ሳይሆን የሚያናግር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ልጆችን ስለ ገንዘብ ማስተማር ሥሡ ያደርጋቸዋል፤ አብሮ የመብላት ባሕላችንን ያጠፋል» የሚል ነው። የዱሱ ልጅም ብሩን ከእኩዮቹ ጋራ ቢበላው ደግ አደረገ ይባላል እንጂ አባካኝ አይባልም። እኔም ይህን ደግነት ላጠፋ አልፈልግም። ነገር ግን በኛ አገር ቁጠባ ለብቻ የሚደረግ ነገር ሆኖ አያውቅም። እቁብና እድር ምስክሮች ናቸው። 12 ተማሪዎች በየሳምንቱ 50 ብር ቢያዋጡ በየሳምንቱ አንዱ 600 ብር ያነሣል። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዋስ አለው። ልጆቹ ሒሳብ መያዝን፣ ቃል ማክበርንና ተራ መጠበቅን ባንድ ጊዜ ይማሩበታል። ብልህ አስተማሪ ቢኖር ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ «መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ተጠቀሙን?» ብሎ። የመጀመሪያው ያለ ወለድ ተበደረ፤ የመጨረሻው ያለ ወለድ አበደረ፤ ዋጋም በመካከሉ ከጨመረ የመጨረሻው ተጎዳ። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ ለታመመ ወይም ለቸገረው ተራ መልቀቅ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ ይገባቸዋል። ደግነት የሚያድገው ዋጋው ሲታወቅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ተሞክሮ አልሠራም» የሚል ነው። ይህም ከባዶ የተነሣ አይደለም። እንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 የገንዘብን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አስገብታለች። ፒዛ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተናም በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ የ15 ዓመት ልጆችን የገንዘብ ዕውቀት መዝኗል። ሆኖም በዚያው በ2014 የታተመና 200 ያህል ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳመለከተው፣ የዚህ ዐይነቱ ትምህርት በሰዎች ጠባይ ላይ ያሳየው ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው፤ ያም ጊዜ ሲያልፍ ይደበዝዛል። አጥኚዎቹ የሰጡት ምክር ትምህርቱ ውሳኔው በሚወሰንበት ሰዓት አጠገብ ይሰጥ የሚል ነው። ይህ አሳቤን አያፈርስም፤ ያቃናዋል እንጂ። የ9ኛው እሴት ትምህርት ያልሠራው ገንዘብ በእጃችን በሌለበት ሰዓት ስለ ገንዘብ ስለ ተነገረን ነው። የዱስ ልጅ ጎብኚ በሚመጣበት ወራት ይማር፤ የቱርሚና የዲመካ ልጅ በገበያው ዋዜማ ይማር፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የወጪ መጋራቱን ውል ከመፈረሙ በፊት ይማር።

ለማኅበራችን የሚቀርብ አሳብ

መንግሥት ያድርግልን ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ለዛሬው ጥያቄዬን የማቀርበው ለራሳችን ለተማሪዎች ማኅበር ነው።

አንደኛ፣ በመጪው ዓመት አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ የወጪ መጋራቱ ውል ከመፈረሙ አስቀድሞ ማኅበሩ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ወረቀቱን አንቀጽ ባንቀጽ ያንብብላቸው። ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ ወንበርና አንድ ጩኸታም ድምፅ ያለው ሰው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ፈቃደኛ የሆንን ሁሉ በአካባቢያችን ባለ ትምህርት ቤት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች በሳምንት አንድ ሰዓት እናስተምር። ከደቡብ ኦሞ የመጣን ደግሞ ትምህርቱን ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ እንስጥ። ወለድ የሚለውን ቃል በአማርኛ ሸምድዶ፣ በቤቱ ግን ለእናቱ ሊያስረዳ የማይችል ልጅ አልተማረም።

ሦስተኛ፣ የኢኮኖሚክስና የሥነ ትምህርት መምህራኖቻችን ቢተባበሩን፣ 12 ገጽ የምትሆን ትንሽ መጽሐፍ እናዘጋጅ። አራቱ ነገሮች፣ ስሌቶቻቸውና የእቁብ ሒሳብ መያዣ ሰንጠረዥ ይግቡባት። ይህን ጋዜጣ የምታትመው አሮጊቷ ማባዣ መኪና ቀለሟን እየተፋችም ቢሆን 200 ቅጂ ልታወጣልን ትችላለች።

አራተኛ፣ ወደየመንደሩ ስንሄድ መጀመሪያ አስተማሪ ሳይሆን ጠያቂ ሆነን እንቀመጥ። ሽማግሌዎቹ እህልን እንዴት እንደሚከፍሉ፣ ከብትን ለምን ወዳጅ ዘንድ እንደሚያስቀምጡ እንጠይቅ፤ ልጆቹም አብረው ይስሙ። ትምህርቱ ከዚያ ይጀምር። ያያቱ ብልሃት በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያየ ልጅ ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም ያከብራል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ይህ ሁሉ ቢደረግ የኦሞ ሙላት አይመለስም፤ የጤፍም ዋጋ አይወርድም። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ልጅ ብሩን ከመብላቱ በፊት ቆጥሮ «ይህ ለደብተር፣ ይህ ለእናቴ፣ ይህ ለእቁቡ፣ ይህች ደግሞ ከጓደኞቼ ጋራ» ብሎ ሊከፍለው ይችላል። ያን ያህሉ የኛ ፋንታ ነው።

እኔም በበኩሌ ከዚህ ወር ጀምሮ ከቤት የምትመጣልኝን ገንዘብ በአራት ሳምንት ከፍዬ በአራት ፖስታ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ይህ ጽሑፍ ለማባዣው እስከ ተሰጠበት ቀን ድረስ ሁለተኛው ፖስታ አልተከፈተም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብድር ልጠይቅ የመጣሁበት ጓደኛ ቢኖር ይህን ጋዜጣ ያሳየኝ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ